ሻጭም ገዢም አንድ ቤት ሲሆን

አንድ ኩባንያ ንብረቱን እሱ ራሱ ለሚያዝበት ድርጅት ሲሸጥ፣ ስለ ዋጋው የሚከራከረው ማን ነው? የአሜሪካ የጋዝ ቧንቧ ገበያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የጥቅም ግጭት ኮሚቴ ይባላል። መልሱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ለማየት የኤል ፓሶን ጉዳይ መመልከት ይበቃል።

ኤል ፓሶ ፓይፕላይን ፓርትነርስ በ1952ቱ የንግድ ሕጋችን «ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር» ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ድርጅት ነበር። ድርሻው በኒውዮርክ ገበያ እንደ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ማኅበሩን የሚያስተዳድረው ዋና ሸሪክ ግን የእናት ኩባንያው የኤል ፓሶ ኮርፖሬሽን ነው። እናት ኩባንያው ንብረቱን እየቆረሰ ለማኅበሩ ይሸጣል፤ በገዢ በኩል ገንዘባቸው ያለበት የውጭ ድርሻ ባለቤቶች ናቸው።

በመመሥረቻ ውሉ መሠረት ከእናት ኩባንያው ጋር ንክኪ የሌላቸው የቦርድ አባላት የተቀመጡበት ኮሚቴ ግብይቱን በቅን ልቦና ካጸደቀው፣ ዋናው ሸሪክ ውል አፍርሷል አይባልም። የደላዌር ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ሸሪኮች የአደራ ግዴታን በውላቸው ጨርሰው እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። ማስቀረት የማይቻለው፣ በማናቸውም ውል ውስጥ አለ ተብሎ የሚታሰበው የቅን ልቦና ግዴታ ብቻ ነው። ስለዚህ ድርሻ የሚገዛ ሰው የውሉን ወረቀትም አብሮ እየገዛ ነው። ስንቱ ያነበዋል? ጥቂቱ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደይ ወራት ማኅበሩ በጆርጂያ ግዛት ኤልባ ደሴት ካለው የፈሳሽ ጋዝ ተርሚናልና ከቧንቧው 51 በመቶውን ገዛ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቀሪውን 49 በመቶ ከሌላ የቧንቧ ድርሻ ጋር ጨመረ። ተርሚናሉ የተሠራው ከውጭ የሚመጣ ጋዝ ለመቀበል ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አሜሪካ ከራሷ ምድር የምታወጣው ጋዝ እየበዛ ሄዶ ነበር። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሁለቱንም ግዢዎች አጸደቀ።

ድርሻ ባለቤቱ ክስ መሠረተ። የደላዌር ቻንስሪ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ግዢ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተከሳሾቹ ፈረደ። የኅዳሩ ግን ሌላ ነበር። አባላቱ በጸደይ ወራት በኢሜይል ሲጻጻፉ እንዲህ ያለውን ንብረት ከዚያ በላይ ስለመጨመር ጥርጣሬ ነበራቸው፤ በኅዳር ጥርጣሬው ተረስቷል። የቀጠሩት የፋይናንስ አማካሪም ስሌቱን ከአንዱ ገለጻ ወደ ሌላው ሲያሻሽል፣ ግብይቱ የተሻለ መስሎ እንዲታይ አድርጓል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ኮሚቴው ግዢው ለማኅበሩ ይበጃል ብሎ በቅን ልቦና አላመነም ሲል ወሰነ፤ ማኅበሩ ከሚገባው በላይ የከፈለውንም 171 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ።

ገንዘቡ ለድርሻ ባለቤቶቹ አልደረሰም። እናት ኩባንያውን በ2012 የጠቀለለው ኪንደር ሞርጋን፣ ማኅበሩንም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ዋጠው። የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016፣ የክሱ መብት የማኅበሩ እንጂ የግለሰቡ አልነበረም፣ ከውህደቱ ጋር አብሮ ሄዷል ሲል ፍርዱን ሻረ።

ከወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017፣ ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ሪጀንሲ ማኅበር የተናገረው ለድርሻ ባለቤቶች የተሻለ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ከእህት ኩባንያው ቦርድ የለቀቀው ኮሚቴው ውስጥ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ውህደቱ በተዘጋበት ዕለት ደግሞ ወደ ቀድሞ ወንበሩ ተመለሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ውሉ ገለልተኛ ኮሚቴ ሲል ለይምሰል የሚቀመጥ ማለቱ አይደለም የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ ነገር። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሲቋጭ፣ የቻንስሪው ፍርድ ቤት የኮሚቴው ማጽደቅ ከለላ እንደማይሆን ቢናገርም ግብይቱ ራሱ ፍትሐዊ ነበር ብሎ ለዋናው ሸሪክ ፈረደ።