መኝታ ቤት ስቱዲዮ ሲሆን፦ በቤት ውስጥ የሚቀረጽ ሙዚቃን ጥራት የሚወስነው ምንድን ነው?

አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ 'ኦዲዮ ኢንተርፌስ' የሚባል አነስተኛ መሣሪያ እና የጆሮ ማዳመጫ። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከሐርጌሳ እስከ ዳሬሰላም፣ እነዚህን አራት ዕቃዎች ያሟላ ወጣት በመኝታ ክፍሉ ጥግ ሙሉ አልበም መሥራት ይችላል።

ይህ ለውጥ ለድምፃውያን ትልቅ ነፃነት አስገኝቷል። በሰዓት የሚቆጠር የስቱዲዮ ኪራይ የለም፤ አንዱን ስንኝ እስኪጥም ድረስ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ መዝፈን ይቻላል። ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር በካርቶን ታሽገው የማይመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ለቀረጻ የሚመች ክፍል እና የሠለጠነ ጆሮ።

ሌላም አደጋ አለ። ሶፍትዌሮቹ ሲሠሩ ታሳቢ የተደረገው በዋናነት የምዕራባውያን ሙዚቃ ነው። ተጠቃሚው ካልተጠነቀቀ የክራሩን፣ የማሲንቆውንና የዘፋኙን ለዛ 'አስተካክላለሁ' ሲል ሊያጠፋው ይችላል።

ለመሆኑ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙዚቃ ጥራቱን ጠብቆ፣ መልኩንም ሳይለቅ እንዲወጣ ምን ያስፈልጋል?

ከሸክላ እስከ ላፕቶፕ

ሙዚቃን ቀርጾ ማሳተም ለረዥም ጊዜ የጥቂቶች ዕድል ነበር። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት ለመንግሥታዊ ተቋም ብቻ በተሰጠበት ወቅት፣ አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1969 ይህን ክልከላ ደፍረው አምሃ ሪከርድስን መሠረቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ሸክላዎችን ለአድማጭ አደረሱ።

ቀረጻ ወደ ቤት የገባው በካሴት ነው። የጃፓኑ ቲያክ እአአ 1979 'ፖርታስቱዲዮ' የተባለ፣ በአንድ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ የሚቀርጽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን እአአ 1982 የወጣውን 'ኔብራስካ' የተሰኘ አልበሙን ቤቱ ውስጥ የቀረጸው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያዊው የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን፣ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ፣ አኮርዲዮንን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖንና የከበሮ ማሽንን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ለብቻቸው አንድ አልበም ሠሩ። በካሴት የወጣው ይህ ሥራ እአአ 2013 እንደገና ታትሞ ለዓለም አቀፍ አድማጮች ደርሷል። የዛሬው የቤት ስቱዲዮም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድ ሰው፣ ብዙ ድርብርብ ድምፆች።

እአአ በ2020 ደግሞ ቢሊ አይሊሽ በወላጆቿ ቤት፣ በወንድሟ ፊኒየስ መኝታ ክፍል ውስጥ በተሠራ አልበም የግራሚን 'የዓመቱ አልበም' ሽልማት አሸነፈች። በአካባቢያችንም በዳሬሰላም ሰፈሮች ውስጥ በሚገኙ ትንንሽ ስቱዲዮዎች የተወለደው ፈጣኑ የ'ሲንጌሊ' ሙዚቃ፣ መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገ አሳታሚ እአአ 2017 ባወጣው ስብስብ አማካይነት ከታንዛኒያ ውጪ መደመጥ ጀምሯል።

ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት የማይክሮፎንን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን ክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና መስታወት ድምፅን ያነጥራሉ። ማይክሮፎኑ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ነጥሮ የሚመለሰውንም አብሮ ይቀርጻል። ገደል ማሚቶ ከቀረጻ በኋላ በቀላሉ ይጨመራል፤ አንዴ ከተቀረጸ ግን አጥርቶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው።

በብዙ የቤት ስቱዲዮዎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል መያዣ ካርቶን መፍትሔ አይደለም። ስስና ቀላል ስለሆነ የተወሰኑ ቀጫጭን ድምፆችን ጥቂት ከመቀነስ አልፎ የጎረቤትን ጫጫታም ሆነ ወፍራም ድምፅን አያቆምም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ለመከላከል ክብደት ያለው ግድግዳና ክፍተት የሌለው በር ያሻል። በክፍሉ ውስጥ የሚነጥረውን ድምፅ ለመዋጥ ደግሞ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ይቻላል፦ በቁሙ የተደገፈ ፍራሽ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የተደራረበ ጋቢ፣ ምንጣፍ፣ በልብስ የተሞላ ክፍት ቁም ሣጥን።

ወፍራም ድምፅ ግን በብርድ ልብስ አይገታም። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሰባት ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎቿ በሦስት ሜትር በሚራራቁ ክፍል ውስጥ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ አንዱ ቦታ ላይ ይጎላል፤ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ከባድ ቤዝ የነበረው ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ በክፍሉ እኩሌታ ላይ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ አለመቀመጥ፣ ቤዙንም በጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ማረጋገጥ ይመከራል።

አንድ ስንዝር ርቀት

በስፋት የሚታወቁት ማይክሮፎኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። 'ኮንደንሰር' የሚባለው 48 ቮልት ኃይል ከኢንተርፌሱ እየወሰደ የሚሠራ ሲሆን፣ በጣም ንቁ ከመሆኑ የተነሳ የጎረቤት ውሻና የማቀዝቀዣውን ድምፅ ጭምር ይለቅማል። 'ዳይናሚክ' የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ከፊቱ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ ጸጥታ ለሌለው ቤት ይሻላል። ማይክል ጃክሰን ለ'ትሪለር' አልበም የዘፈነበት አንደኛው ማይክሮፎን ዳይናሚክ ነበር።

ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያህል ቢርቅ ጥሩ መነሻ ነው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከአፉ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በስድስት ዲሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን ባለበት ይቆያል። 'በ' እና 'ፐ' በሚሉ ፊደላት ላይ የሚወጣውን የትንፋሽ ግፊት ለመስበር በክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ይበቃል።

የቀረጻው መጠንም ጥንቃቄ ይሻል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 10 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቆም ቢደረግ በቂ ነው። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው በትክክል አይመለስም።

የመብራት መቆራረጥ፣ በክረምት ቆርቆሮ የሚመታው ዝናብና የጄኔሬተር ጩኸት ደግሞ የቀረጻውን ሰዓት ይወስናሉ። ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራትና ሥራን በየጥቂት ደቂቃው ማስቀመጥ የብዙ ሰዓት ድካምን ያድናል።

ሶፍትዌሩ ቅኝት አያውቅም

የአካባቢያችን ሙዚቃ ትልቁን ፈተና የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ፒያኖ አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፍላል። አብዛኞቹ የሙዚቃ ሶፍትዌሮችም ሲከፈቱ በዚሁ ልኬት ይጀምራሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን አምስት አምስት ድምፆች ያሏቸው ቅኝቶች ናቸው። በክራርና በማሲንቆ ሲቃኙም መለኪያው የተጫዋቹ ጆሮ ነው። በማሲንቆው ነጠላ አውታር ላይ የሚንሸራተት ጣት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል፤ የሶማሌው የኡድ ተጫዋች ጣትም እንዲሁ።

የነዳጅ ፍለጋ ሞገዶችን ሲያጠና በነበረው አሜሪካዊ አንዲ ሂልደብራንድ የተፈጠረውና እአአ 1997 ለገበያ የቀረበው 'ኦቶቲዩን'፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ስህተት አድርጎ ይቆጥረዋል። ወደ ቅርቡ ቁልፍም ይጎትተዋል። በተለይ ሶፍትዌሩ በ'ሜጀር' ስኬል ላይ ከተተወ የአንቺ ሆዬን ቅኝት ሊያበላሸው ይችላል፤ ቅኝቱ በዚያ ስኬል ውስጥ የማይገኙ ድምፆች አሉትና።

መፍትሔው መሣሪያውን መጣል አይደለም። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ በእጅ መርጦ መሙላት፣ የማስተካከያውን ፍጥነት ዝግ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳተ የተባለውን ስንኝ ብቻ ነጥሎ ማረም ይቻላል። የዘፋኙ የድምፅ መወዛወዝ ስህተት ሳይሆን ዜማው ራሱ ነው።

በምቱም ላይ ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። የጭክጭካ ምት ውበት ከእኩል ክፍፍል ትንሽ ዘግየት ወይም ቀደም በማለቱ ላይ ነው። 'ኳንታይዝ' የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ምት በእኩል መስመር ላይ ሲያሰልፈው ከበሮው ይደርቃል፤ ትከሻም አይነቀንቅም። የበገናው ንዝረት ሌላ ምሳሌ ነው። በአውታሩ ሥር የሚገባው 'እንዚራ' የተሰኘ ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረውን ይህን ድምፅ፣ ጫጫታን ለማጥፋት የተሠራ ሶፍትዌር እንደ እንከን ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል።

ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ መስጠት

'ሚክሲንግ' ለየብቻ የተቀረጹ ድምፆችን የማመጣጠንና የማዋሃድ ሥራ ነው። ጀማሪው የማይሰማውን ሁሉ ከፍ ያደርጋል፤ ልምድ ያለው ግን የሚሸፍነውን ዝቅ ያደርጋል። ክራርና የሰው ድምፅ በመካከለኛው የድምፅ ክልል ይጋፋሉ። ዘፋኙ ሲጀምር ክራሩን በዚያ ክልል በሁለትና በሦስት ዲሲቤል መቀነስ፣ ወይም ክራሩን ወደ አንዱ ጆሮ ማዘንበል፣ ግጥሙ ጠርቶ እንዲሰማ ያደርጋል።

በዝቅተኛ ድምፅ ማዳመጥም ይጠቅማል። በዝግታ ተከፍቶ ግጥሙና ምቱ የሚሰሙ ከሆነ ሚዛኑ ተጠብቋል ማለት ነው። ከዚያም ሥራውን በስልክ፣ በመኪናና በርካሽ የጆሮ ማዳመጫ መፈተን ይገባል፤ አብዛኛው አድማጭ የሚሰማው በእነዚሁ ነውና።

በመጨረሻው 'ማስተሪንግ' ደረጃ ላይ ዘፈኑን ከሌሎች አስበልጦ ለማስጮህ የሚደረገው ሩጫም እምብዛም አያዋጣም። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ 'ሉፍስ' በተሰኘ መለኪያ ከዜሮ በታች 14 አካባቢ ካለው መጠን በላይ የሚጮኸውን ዘፈን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ጩኸቱ ይቀነሳል፤ ለማስጮህ ሲባል የታፈነው ሕይወት ግን አይመለስም።

ሥራውን ማኖር

እአአ 1988 የሐርጌሳ ከተማ በቦምብ ስትደበደብ የሬዲዮ ጣቢያው ሙዚቃዎች ከጥፋት የተረፉት ሰዎች ካሴቶቹንና የቴፕ ክሮቹን መሬት ቆፍረው ስለቀበሯቸውና በየሥፍራው ስላሸሿቸው ነው። ከዚህ ሀብት የተውጣጣ ስብስብ እአአ 2017 ታትሞ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሷል። የቤት ስቱዲዮ ባለቤት የሚጠበቅበት ከዚያ በጣም የቀለለ ነው፤ ያልተቀናበሩትን ጥሬ ድምፆች ሳይቀር ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ።

ከፋይሉ ጋር መብቱም ይቀመጥ። ኢትዮጵያ እአአ 2004 ያወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅም ዕውቅና ይሰጣል። በቤት ውስጥ ግን ዘፋኙ፣ አቀናባሪውና ክራር ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ጓደኛሞች በመሆናቸው ውል መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ከሚነሳው ጠብ ግን በቀረጻው ዕለት የማን ድርሻ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት መፈራረም ይቀላል።