በሰቆታ ፀሐይ የማይለቅ መለያ

ሰቆታ ከተማ ዳር ያለ አንድ ወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀብቶታል። የፒስተን ፋሻው አልቆ አዲስ ለማስመጣት ሲታሰብ ግን የሞተሩን ሞዴል የሚያውቅ ሰው ታጣ። መመሪያ መጽሐፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሞተሩን የገዛው ሰውም በሕይወት የለም። ይህ ጸሐፊ በዕለቱ እዚያው ነበርና የሞተሩን ጎን በመዳፉ ሲዳስስ ከቀለሙ ሥር አራት ማዕዘን ነገር ነካ። ባለ ወፍጮው ሽማግሌ “ልጄ፣ እሱም እንዳይዝግ ብዬ አብሬ ቀባሁት” አሉ። ቲነር በነካ ጨርቅና በእንጨት ስንጥር ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመትቶ የተጻፈ ስለነበር ቀለሙ ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም።

አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ ተከታታይ ቁጥሩንና ኃይሉን የሚናገረውን ይህን ቁራጭ ባለሙያዎች ኔምፕሌት ይሉታል። ዋጋው ከማሽኑ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም፤ በዚህም የተነሣ ገዢ አይጠይቅበትም፣ ሻጭም አያወራለትም። መጽሐፉ ሲጠፋ፣ ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ፣ ገጣጣሚው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ግን ስለ ማሽኑ የሚመሰክር እሱ ብቻ ይቀራል።

ሰቆታ ያለችበት ዋግ ኽምራ ደግሞ ለመለያ ከባድ አገር ነው። ሰቆታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ 1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌና ዝቋላ ሲወረድ ሙቀቱ ይበረታል። አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ወፍጮ ቤትና ጋራዥ ደግሞ ናፍጣና ግራሶ ይጨምሩበታል።

ፀሐይ ቀድማ የምትበላው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቀለምን ነው። ቀይ ቀለም ቀዩን ብርሃን እየመለሰ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጣል፤ የሚውጠው ብርሃን ጉልበት ስላለው ውሎ አድሮ ቀለሙን ራሱን ይሰብረዋል። ክፋቱ “አደጋ” የሚለው ቃል በቀይ መጻፉ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ የአምራቹ አድራሻ ብቻ በጥቁር ደምቆ የቀረበት ሳጥን ያላየ ኤሌክትሪሺያን አይኖርም። ጥቁሩን የሚያጸናው ካርቦን ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ሲቀምሙ የተጠቀሙት ይህንኑ ነገር ነበር፤ ቀዩ ፊደል ደግሞ በማኅደሩ ጨለማ ውስጥ ስለሚያድር ዘመን ይሻገራል። ደጅ የሚውል ሳጥን ግን ማኅደር የለውም። ስለዚህ ቃሉ በጥቁር፣ መደቡ በቢጫ ይሁን፤ ቢጫው ቢነጣ ቃሉ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚገባው ግን ስለ ማስቲሽ ያለው የተሳሳተ እምነት ነው። ስቲከር ሲላጥ ሰው ሁሉ “ማስቲሹ መናኛ ነው” ይላል። ብዙ ጊዜ ማስቲሹ አላጠፋም። ማስቲሽ የሚይዘው ሊዘረጋበት የሚችል ገጽ ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ በንጹሕ ብርጭቆ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ቢያስቀምጡ ይንጣለላል። ያንኑ ጠብታ ቢጫ ጀሪካን ላይ ቢያስቀምጡት እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይቆማል፣ ጎንበስ ሲደረግም ተንከባሎ ይወርዳል። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ሌላውን ነገር ወደ ራሱ የሚስብበት ጉልበት እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሲለካ 31 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ውኃ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ጉልበት ግን 72 ነው። ውኃው ከፕላስቲኩ ይልቅ ራሱን ይመርጣል። ተራው ማስቲሽም ከዚያ ገጽ ጋር በወጉ ስለማይዋሐድ ላይ ላዩን ተለጥፎ ይሰነብታል እንጂ አይይዝም። ስቲከሩን በጡጫ መደብደብ ይህን አይለውጠውም።

ጀሪካን የገዛ ቤተሰብ ሁሉ ማስረጃውን በእጁ ይዞታል። የተለጠፈው ወረቀት ከምንጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ይላጣል። ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸው ጽሑፍ ግን ጀሪካኑ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይነበባል። የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከፖሊኢትሊን የተሠራ ነው። ሆኖም ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ሳይቀር የሮቶውን ቁጥርና የታጠበበትን ቀን በተራ ስቲከር ሆዱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል። ይህ መለጠፍ አይባልም። ለእንዲህ ያለ ፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ማስቲሽ አለ፤ እሱ ካልተገኘ ቁጥሩን በትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ መትቶ በማይዝግ ሽቦ ከማቆሚያው ብረት ወይም ከቧንቧው ጋር ማሰር ይሻላል።

ገጹ ብረት ሲሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ፣ ከመለጠፍ በፊት ማሽኑን “እንዲያበራ” ናፍጣ በነካ ጨርቅ መወልወል ነው። ማሽኑ ያበራል፤ ያ የሚያበራው ነገር ግን የዘይት ስስ ሽፋን ነው፣ ማስቲሹም የሚይዘው ዘይቱን ነው። በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ በመጨረሻ አልኮል በነካ አዲስ ጨርቅ ተጠርጎ መድረቅ አለበት። ሰዓትም ይመረጣል። ብዙው ማስቲሽ ገጹ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ አይሠራም፤ የደጋ ማለዳ ከዚያ በታች ሊወርድ ስለሚችል ብረቱ ፀሐይ እስኪሞቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ከላስቲክ የተሠራ ማስቲሽ ወዲያው ጥብቅ ይልና በፀሐይ እየደረቀ ይለቃል። አክሪሊክ የሚባለው በመጀመሪያው ቀን ደካማ ይመስላል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ለፀሐይም የሚሻለው እሱ ነው። በተለጠፈ ማግሥት “እስቲ ይዟል?” ብሎ በጥፍር ማንሣት ጥሩውን መለያ መግደል ነው። ማዕዘኖቹም በመቀስ ክብ ይደረጉ። መላጥ ከሹል ጫፍ ይጀምራልና።

በብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሁሉ ደግሞ ይጸናል ማለት አይደለም። በአሉሚኒየም ላይ ከላይ የታተመ ቀለም እንደ ማንኛውም ቀለም ይፋቃል። አኖዳይዝድ የተባለው ግን የተለየ ነው። አሉሚኒየሙ አሲድ ባለበት ገንዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት ገጹ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ጠንካራ ቆዳ ያወጣል። ቀለሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ሰሌዳው በፈላ ውኃ ሲነከር ቆዳው አብጦ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ በብረቱ ቆዳ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። ቆዳው የተሠራበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሩቢና ሰንፔር የተባሉት ዕንቁዎች የተሠሩበት ነገር ነው። የቤት ውስጥ ዋና ጠላቱ ኮስቲክ ሶዳ ነው ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በማስቲሽ ሳይሆን በሪቬት ሲያዝ ከወፍጮው ጋር ይከርማል።

መለያ ሲጠፋ የሚከፈለውን ዋጋ ኢትዮጵያ በፀረ ተባይ ኬሚካል አይታዋለች። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ወደ 1 ሺህ 500 ቶን የሚጠጋው ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ስሙ የሚነበብ በርሜል በመዝገብ ይያዛል። ስሙ የጠፋው ግን እንደ አደገኛ ነገር ተቆጥሮ፣ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። በባሕር ለሚጓዝ ኬሚካል በርሜል ቢ.ኤስ. 5609 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ መለያውን ሦስት ወር ባሕር ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚፈትነው በከንቱ አይደለም።

ፍየሎችም መለያ አላቸው። የሰቆታ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከአርቢዎች ጋር የአበርገሌን ፍየል ዝርያ ለማሻሻል በሚሠራው ሥራ፣ አንዲት ፍየል ከየትኛው እናትና አባት እንደተወለደች፣ ስንት እንደመዘነች የሚታወቀው በጆሮዋ ባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከወደቀ መዝገቡ ባለቤት ያጣል። ፍየሏ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እሾህ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚተጣጠፍ ፖሊዩሪቴን ከደረቅ ፕላስቲክ ይመረጣል፤ ቁጥሩም በብዕር ከሚጻፍ በሌዘር ቢቃጠል ይጸናል። አደራረጉም ይወስናል፦ ወደ ጆሮው ጫፍ የተሰካ መለያ ግንጣይ ይይዘውና ጆሮውን ይቀድዳል፤ ወደ ራሷ ቀረብ ብሎ፣ የደም ሥሮቹን ሸሽቶ በሁለቱ የልም አጥንት ሸንተረሮች መካከል የገባው ይቆያል።

ገዢ በእጁ ሊያደርገው የሚችል ፈተናም አለ። ለቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኢ.ሲ. 60335፣ ጽሑፉ ውኃ በነካ ጨርቅ ለ15 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ቤንዚን መሰል ፈሳሽ በነካ ጨርቅ ለ15 ሰከንድ እንዲታሽ ያዛል። ከዚያ በኋላ መነበብ አለበት፤ መላጥም መጠቅለልም የለበትም። እሳት በሌለበት ደጅ ላይ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይህን ማድረግ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ደግሞ መለያው ራሱ ይቀበራል። ሰብመርሲብል ፓምፕ ኔምፕሌቱን አካሉ ላይ እንደያዘ ወደ ውኃው ይወርዳል። ሲበላሽ ቁጥሩን ለማንበብ ቧንቧው ሁሉ መውጣት አለበት። ይህን የሚያውቁ አምራቾች ሁለተኛ መለያ ከመመሪያው ጋር በፖስታ ይልካሉ፤ ብዙ ጊዜም ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ ይገኛል። ያ ፖስታ ሳይጣል መከፈት አለበት። መለያው የሚቀመጠው በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ በጀርባው ግድግዳ ላይ ነው፤ በሩ ላይ አይደለም፣ በር ተነቅሎ ከሌላ ሳጥን ጋር ይለዋወጣልና። ከጎኑም ፓምፑ የወረደበት ጥልቀትና ቀኑ በብረት ላይ ተመትቶ ይጻፍ።