የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር የነዳጅና የካርቡራተር ብልሽት፤ መንስዔውና መፍትሔው

መግቢያ

በዝዋይና በመቂ አካባቢ፣ እንዲሁም በጣና ዙሪያ በፎገራ በበጋ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በአብዛኛው በትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች በሚሳብ ውሃ የሚበቅል ነው። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት ስለሌለው ራሱን በሚያሳድግበት ወቅት ለጥቂት ቀናት ውሃ ቢቋረጥበት ምርቱ ይቀንሳል። ሞተሩ አልነሣ ብሎ ወደ ከተማ ተልኮ አንድ ሳምንት ከቆየ የማኅበሩ የወራት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል።

ይሁን እንጂ አልነሣም ከሚሉት ሞተሮች ብዙዎቹ ዋና ብልሽት የላቸውም፤ ችግሩ ያረጀ ወይም ውሃ የገባበት ቤንዚን፣ አለዚያም በካርቡራተሩ ውስጥ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ይህንንም የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ሞተር ኃላፊ በማሳው ዳር ሊያስወግዱት ይችላሉ።

የካርቡራተር ሥራ

ቤንዚን ከታንኩ በማጣሪያው አልፎ ከካርቡራተሩ ሥር ወዳለው ትንሽ ኩባያ ይወርዳል። በኩባያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲሞላ ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ሞተሩ አየር ሲስብ ነዳጁ በጣም ቀጭን በሆነ የነሐስ ቀዳዳ እየወጣ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። በተለምዶ ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ቀዝቃዛ ሞተር በሚነሣበት ጊዜ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን ያበዛል። ሞተሩ ሲሞቅ መከፈት አለበት።

ቤንዚን ለምን ይበላሻል?

የበጋው መስኖ ካበቃ በኋላ ሞተሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ነዳጅ እንደያዘ ሲቀመጥ፣ ከቤንዚኑ ውስጥ ቶሎ የሚተንነው ክፍል ይጠፋና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። ይህ ሙጫ ቀጭኑን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ስለሆነም ከአንድ ወር በላይ የቆየ ቤንዚን ባይጠቀሙ ይመረጣል።

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ውሃውን ከሥር ለይቶ ያሳያል። ቤንዚኑ ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ከተጠረጠረ በንጹሕ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ይደረግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ግን ወረቀቱን ቅባት እንደነካው አድርጎ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ካርቡራተሩን ከመፍታት በፊት የሚከተሉት በተራ ይታዩ።

1. ማብሪያው፣ የነዳጁ መዝጊያና የሞተር ዘይቱ ልክ ይታይ። ብዙ ሞተሮች ዘይት ሲጎድል ራሳቸውን የሚያጠፉ በመሆናቸው ይህ እንደ ነዳጅ ችግር ተቆጥሮ ያሳስታል።
2. ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የታንኩ ክዳን ይላላ። በዚያን ጊዜ በደንብ ከሠራ በክዳኑ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል፤ እርሱን ማጽዳት ብቻ ይበቃል።
3. ገመዱ ጥቂት ጊዜ ከተሳበ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ከራሰ ነዳጅ በዝቷል ወይም ካንዴላው እሳት አይሰጥም።
4. ካንዴላው ደረቅ ከሆነ የካርቡራተሩ ኩባያ ማፍሰሻ ቡሎን ይላላ። ነዳጅ በደንብ ከወረደ የተደፈነው ቀጭኑ ቀዳዳ ነው። ካልወረደ ማጣሪያው፣ ጎማ ቱቦውና መዝጊያው ይመርመሩ።

ምልክቶችና መፍትሔዎች

ሞተሩ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚሠራና ቾኩ በግማሽ ሲዘጋ የሚሻለው ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ቀዳዳው በከፊል ተደፍኗል ወይም በጓርኒሲዮኑ በኩል አየር ይገባል።

ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ቾኩ መከፈቱና የአየር ማጣሪያው መጽዳቱ ይታይ። የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጥቂት የሞተር ዘይት ረስቶ ይጨመቃል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ችግር ይበረታል፤ የሞተሩም ጉልበት በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ዳር ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ማጣቱ ብልሽት አይደለም።

ከካርቡራተሩ ነዳጅ የሚንጠባጠብ ከሆነ በመርፌው ሥር ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቷል። ተንሳፋፊው ሲነቀነቅ በውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ መለወጥ አለበት።

ካርቡራተሩን ማጽዳት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋ፣ ከሥሩ ንጹሕ ሣህን ይቀመጥ። ኩባያው፣ ተንሳፋፊው፣ መርፌውና የነሐሱ ቀዳዳ በተራ ተፈትተው በንጹሕ ቤንዚን ይታጠቡ። ቀዳዳው በጎማ መንፊያ ይነፋ፤ ካልተከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይግባበት። የብረት ሽቦ ወይም መርፌ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው ፈጽሞ አያስፈልግም። ወደ ብርሃን ሲያዩበት ክብ ሆኖ ከታየ ጸድቷል። የማስተካከያው ቡሎን መፈታት ካለበት ስንት ዙር እንደተዞረ ተቆጥሮ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይከናወን። ውሃው ራቀ ተብሎ የቤንዚን ሞተርን ወደ ጉድጓድ አውርዶ ማስነሣት ሰው ይገድላል። የጭሱ መርዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የወረደው ሰው ሳያውቅ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚወርደውም አብሮ ይሞታል።

ለማኅበራት የሚሰጥ ምክር

ነዳጅ በሚገባ በሚከደን ዕቃ፣ በጥላ ሥር፣ የተገዛበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ከመቀዳቱ በፊት ረግቶ ይደር፤ ከሥር የሚቀረው ወደ ታንኩ አይገልበጥ። የበጋው ሥራ ሲያበቃ ታንኩ ባዶ ይደረግና ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ እስኪጠፋ ይሥራ። ማኅበሩ አንድ ኃላፊ መድቦ የሥራ ሰዓቱን፣ የነዳጁን መጠንና የታየውን ብልሽት በመዝገብ ያስይዝ። አንድ ካንዴላ፣ አንድ ክንድ ጎማ ቱቦና የኩባያው ጓርኒሲዮን ዘወትር በእጅ ቢኖሩ፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሳምንት ሞተሩን ወደ ከተማ ለመላክ የሚያስገድድ ምክንያት ይቀንሳል።