የኮፈን ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ምርመራው ከየት ይጀምር?

መኪናዎ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ኮፈኑ ከኋላ በኩል ብድግ ያለ የመኪና ምስል በብርቱካናማ ቀለም በርቶ አልጠፋ ብሏል። አንዳንድ መኪና በምስል ፈንታ ጽሑፍ ያወጣል፤ ሌላው ደግሞ የኤርባጉን መብራት ለዚሁ ይጠቀምበታል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኮፈኑ በደንብ እንዳልተዘጋ ነው። ከፍቶ ደግሞ ይዘጋዋል፣ መብራቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ኮፈን አለመዘጋቱን የሚያሳየው መብራት ሌላ ነው። ይኸኛው የሚለው፣ እግረኛ ሲገጭ ኮፈኑን ወደ ላይ የሚያነሳው መሣሪያ ብልሽት አግኝቶታል ነው።

መሣሪያው ለምን ተሠራ?

መኪና ከፊት ለፊቱ እግረኛ ሲገጭ ፓራውልቱ እግሩን ይመታዋል፣ ሰውየው ኮፈኑ ላይ ይወድቃል፣ ጭንቅላቱም ወደ ፊት መስታወቱ አካባቢ ያርፋል። ኮፈኑ ቀጭን ስለሆነ ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ይህ ራሱ ጥቅም አለው። ክፉው ነገር ያለው ከሥሩ ነው፤ ሞተሩ፣ የሾክ አብሶርበሩ አናት፣ የማጠፊያው ብረት። በኮፈኑና በእነዚህ መካከል በቂ ክፍተት ከሌለ ጭንቅላቱ ያረፈው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የኮፈኑን የኋላ ጫፍ በቅጽበት፣ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ፣ ከፍ አድርጎ ክፍተት ይፈጥራል።

ነገሩ የተስፋፋው የአውሮፓ ኅብረት እግረኞችን ለመጠበቅ ያወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ በኋላ ነው። ጃጓር ኤክስኬ በባሩድ የሚነሳ ኮፈን ይዞ ወጣ። የ2009ኙ መርሴዲስ ኢ-ክላስ በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል የኮፈኑን ኋላ በ5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ነበር። በ2012 የወጣው ቮልቮ ቪ40 ኮፈኑን 10 ሴንቲ ሜትር ሲያነሳ የፊት መስታወቱን የታችኛው ክፍል የሚሸፍን የእግረኛ ኤርባግ ይዘረጋል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም አሉበት፤ መሣሪያው የተገጠመለት ቴስላ ሞዴል ኤስ በሰዓት ከ19 እስከ 53 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እግረኛ ከመታ ኮፈኑን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሳል።

ሦስቱ ክፍሎች

የመጀመሪያው ክፍል ፓራውልቱ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ናቸው። በአንዳንድ መኪና ከፓራውልቱ ጀርባ በርከት ያሉ ትንንሽ ሴንሰሮች ይደረደራሉ። በሌላው ደግሞ ከግራ እስከ ቀኝ የተዘረጋ ቀጭን የጎማ ቱቦ ከስፖንጁ ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ተኝቷል። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ተሰክቷል፤ ፓራውልቱ ሲመታ ቱቦው ይጨመቅና ሴንሰሮቹ ያውቁታል።

ሁለተኛው ውሳኔ የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው፤ በብዙ መኪኖች ኤርባጉን የሚያዘው ራሱ ነው። የመኪናውን ፍጥነትም ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ከኮፈኑ ማጠፊያዎች አጠገብ ግራና ቀኝ የተገጠሙት ማንሻዎች ናቸው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ጥቂት ባሩድ አለባቸው። ኮምፒውተሩ መኪናው በተነሳ ቁጥር ወደ ማንሻዎቹ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየላከ መስመሩን ይፈትሻል። የጤነኛ ማንሻ ሬዚስታንስ 2 ኦም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የያዘች አንዲት ፒን መብራቱን ለማብራት ትበቃለች።

ከየት እንጀምር?

መጀመሪያ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደተደረገ ያስታውሱ። ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ፓራውልቱ በቅርቡ ተፈትቶ ከተገጠመ፣ ማለትም ለቀለም፣ ለላሜራ ሥራ፣ ለራዲያተር ወይም ለፎግ ላይት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተሰካ ሶኬት ወይም ከቦዩ የወጣ ቱቦ ነው። የላሜራ ሠራተኛ ፓራውልቱን አስተካክሎ ይገጥማል፣ ከስፖንጁ ጀርባ ያለችውን ቱቦ ግን ልብ ላይላት ይችላል። ቱቦው ከተጠማዘዘ፣ በብሎን ከተቆነጠጠ ወይም ጫፉ ከሴንሰሩ ከተላቀቀ መብራቱ አይጠፋም።

መኪናው ሲቆም ግንብ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነክቶ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ላይ ምንም ባይታይም ከጀርባው ያለው ሴንሰር ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

መብራቱ ዝናብ ሲጥል፣ ውኃ ያቆረ መንገድ ካለፉ በኋላ ወይም መኪናው ላቫጆ ገብቶ በኃይለኛ ውኃ ከታጠበ በኋላ የሚመጣ፣ ሲደርቅ የሚጠፋ ከሆነ ሶኬት ውስጥ ውኃ ገብቷል። ኮረኮንች ላይ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ የላላ ሶኬት ወይም የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው።

ባትሪው ደክሞ መኪናው በሌላ ባትሪ ከተነሳ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባትሪው ይስተካከል። የቮልቴጅ መውረድ ኮምፒውተሩ ውስጥ የስህተት መዝገብ ጥሎ ሊያልፍ ይችላል። የኤቢኤስ መብራትም አብሮ ከበራ ምርመራው ከኤቢኤሱ ይጀምር፤ ኮምፒውተሩ የፍጥነት መረጃ ካላገኘ የኮፈኑንም መብራት ሊያበራ ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ያለው በኮምፒውተር ማስመርመር ነው። በርካሽ የሚሸጠው ትንሹ ኮድ ማንበቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ኮድ ብቻ ያነባል። እርስዎ የሚያስፈልግዎ የኤርባጉን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ነው። ኮዱ «የቀኝ ማንሻ ሬዚስታንስ ከፍ ብሏል» ወይም «የግራ ግፊት ሴንሰር አይገናኝም» ብሎ ቦታውን ይጠቁማል። ባለሙያውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ኮዱ አሁን ያለ ችግር ነው ወይስ አልፎ የተመዘገበ? ያለ ችግር ከሆነ ኮዱን ማጥፋት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ይመጣል።

እጅ የማይገባበት

ፊውዝ ማየት፣ ፓራውልቱን ዞር ብሎ መቃኘት፣ ባትሪ ማስለካት ማንም ሊያደርገው ይችላል። ማንሻዎቹን ግን አይንኩ። ባሩድ ያለበትን ማንሻ በቴስተር መለካት ወይም ከባትሪ በሽቦ ኤሌክትሪክ መስጠት ሊያፈነዳውና እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ባለሙያም ቢሆን ባትሪውን ነቅሎ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ያህል ሳይጠብቅ ሶኬቱን መንቀል የለበትም።

ከፊት ለፊት የብረት መከላከያ ማስገጠምም ጉዳት አለው፤ ምቱ ሴንሰሩ ጋ በትክክል እንዳይደርስ ያደርጋል።

ኮፈኑ ተነስቶ ከሆነ

መሣሪያው ሰው ባይሆንም እንስሳ ወይም ሌላ ነገር ሲመታ ሊሠራ ይችላል። ኮፈኑ ከኋላ ከተነሳ እይታን ይከልላል፣ በፍጥነት ሲሄዱም አደገኛ ነው። መኪናውን ዳር ያቁሙ። በሞላ የሚሠራውን የመርሴዲስ ዓይነት በመመሪያው መሠረት ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፤ ባሩዱ የፈነዳ ማንሻ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ በአዲስ መተካት አለበት። ማጠፊያዎቹ፣ ሴንሰሮቹና ኮምፒውተሩም መታየት አለባቸው።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ

አገራችን ያሉት ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአሜሪካ ተቀላቅለው የመጡ ናቸው። አንድ ሞዴል በአውሮፓ ገበያ መሣሪያው ኖሮት በሌላው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ፓራውልት ወይም ኮፈን ሲገዙ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይውሰዱ፤ በሻንሲ ቁጥር ያረጋግጡ።

መኪናውን ሲያዩ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። መብራቱ ያለው መኪና ከሆነ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ሰው ነካክቶታል ብለው ይጠርጥሩ። አንዳንዱ በፈነዳ ማንሻ ቦታ 2 ኦም ሬዚስተር ሰክቶ ኮምፒውተሩን ያታልላል፤ ዳሽቦርዱ ንጹህ ይሆናል፣ ኮፈኑን የሚያነሳ ነገር ግን የለም። ኮፈኑን ከፍተው ማጠፊያው አጠገብ ግራና ቀኝ ያሉትን ማንሻዎች ይዩ፤ ከዘጉም በኋላ የኋላ ጫፉ ከጎኑ ቆርቆሮ ጋር እኩል መሆኑን ይመልከቱ።

መብራቱ እየበራ መኪናው ጋራዥ ድረስ ይሄዳል፤ ሞተሩ፣ መሪውና ፍሬኑ ከዚህ ጋር አይያያዙም። የኤርባጉ መብራት አብሮ ከበራ ግን ቀን አይስጡት፤ የራስዎም መከላከያ አደጋ ላይ ነው። ለብቻው ቢበራም ለዓመት የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ሌላ ብልሽት ሲኖር አሽከርካሪው በመሪው ወይም በድምፁ ያውቀዋል። የዚህ ምልክቱ መብራቱ ብቻ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ በእግሩ የሚሄደው፣ ዳሽቦርድዎን የማያየው ሰው ነው። ኮዱን ያስነብቡ፤ ገንዘብዎንም መብራቱን ላጠፋ ሳይሆን ምክንያቱን አግኝቶ ላሳየዎት ባለሙያ ይክፈሉ።