ፓውዛችን የጎረቤትን እንቅልፍ አይንሳ

ረመዳን ሲገባ ኩታበር ላይ መብራቱ ይበዛል። መስጂዱ ለተራዊሕ ይደምቃል፤ ቤተሰቡም ለሱሑር እንዲመቸው በረንዳው ላይ ፓውዛ ይሰቅላል። መልካም ነው። ብርሃኑ ግን ግቢያችንን አልፎ በጎረቤት መስኮት ከገባ፣ አራስ እናት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ በማለዳ በሬ የሚጠምድ ገበሬ እንቅልፍ ያጣሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ይጠራል፤ መብራትን አይጠራም። ልኩ ሲመዘን ግን የአካባቢው ልማድ እንዲታይ ያዛል። እንግዲያው መልካሙን ልማድ ማስለመድ የእኛ የጀመዓው ድርሻ ነው።

ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ደጋግመው ከመምከራቸው የተነሳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊሆን ነው ብለው እስከ ማሰብ ደርሰዋል። ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ጎረቤት ሐቅ አለው።

ሥራው ቀላል ነው። ፓውዛውን ወደ መሬት እናዘንብለው፤ በጎረቤት በኩል ያለውን ጎን በቆርቆሮ እንከልለው፤ ከተራዊሕ በኋላ አጥፍተን ለሱሑር እናብራው። ለደጃፍ ደብዘዝ ያለ አምፖል ይበቃል። ጥቅሙ ለእኛም ነው፤ የፈጅር ጎህ በሰማዩ ዳር አጥርቶ የሚታየው ዓይናችን በመብራት ካልተወጋ ነው።

ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችንን ይዘን ጎረቤት ደጃፍ ላይ እንቁምና መብራታችንን ከዚያ ሆነን እንየው። ቅሬታ ሳይመጣ «ያስቸግራችኋል?» ብለን ቀድመን እንጠይቅ።