ሽማግሌዎቼን ሱሉልታ ላይ ያስቀረው አጎበር

እስቲ ልጠይቃችሁ... ሽማግሌ ልካችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልኬአለሁ። ያውም በራሴ መኪና፣ ራሴ ሾፌር ሆኜ! ታዲያ ሽማግሌዎቹን ያወረድኳቸው ልጅቷ ቤት በር ላይ ሳይሆን ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከድርቆሽ ክምር አጠገብ ነው። ጥፋተኛው ማን ይመስላችኋል? አንድ ብጣሽ አጎበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ አዲሱ ገበያ ተወልጄ እዚያው ያደግኩ። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ፔጆ 404 ነበረችው። 404 ደግሞ የዋዛ መኪና አይደለችም። በዚያው ዘመን የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ (እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968) ያሸነፈች ጉደኛ ናት። አባቴ ሲደክመው ቁልፉን ሰጠኝ። ያን ቀን ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔን ውሃ ጠምቶኝ ያውቃል፤ እሷን ግን አንድም ቀን አስጠምቻት አላውቅም።»

እኔም ቃሉን ላከብር ቆርጬ ተነሳሁ። ደግሞስ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቃት ይገርማል?

ልጅቷ ቤተሰቧ ፍቼ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንጦጦን ተሻግሬ እከንፋለሁ። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ መንገዱ እንዴት እንደሚያምር የሄደ ያውቀዋል። ግን ያ ሁሉ ውበት ክንፍ አለው! ቢራቢሮው፣ ፌንጣው፣ ንቡ... ሁሉም የመኪናው አፍንጫ ላይ ያርፋል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ የሱሉልታ ሣር ይታጨዳል። ድርቆሹን እስከ ሰማይ የቆለለ አይሱዙ ከፊት ቀድሞ ጭዱን እየበተነ ይሄዳል። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ራዲያተሩን ባየው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ የነፍሳት ሬሳ!

ደነገጥኩ። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። «በ2012 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስታወቱን ጋርዶበት አዲስ አበባ እንዳረፈ ረሳኸው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተከስቷል። አውሮፕላን ያስመለሰ ነፍሳት የአባቴን ፔጆ ምን ሊያደርጋት ነው?

ይሄኔ አራዳነቴ ተነሳ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አጎበር አወጣሁና ሁለት እጥፍ አድርጌ ራዲያተሩ ላይ ለጥፌ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። «አሁን ትንኝም አታልፍም!» ብዬ ፎከርኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ያየኛል። ምንም አላለም።

የዚያን ቀን እሑድ

ቀጠሮው ፍቼ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሦስቱን ሽማግሌዎች ጭኜ በ1 ሰዓት ተኩል ከአዲሱ ገበያ ተነሳሁ። እንጦጦን ስንወጣ የሙቀቱ መጠቆሚያ ሽቅብ ጀመረ። አየሁት፤ ግን ቀጠሮ ነው፤ ነዳሁ። ቀዩ ላይ ደረሰ፤ «ቁልቁለቱ ላይ ይበርዳል» ብዬ አሁንም ነዳሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከድርቆሽ ጫኝ ኋላ ትንሽ እንደሄድን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ! አለ።

ዘልዬ ወርጄ ክዳኑን ልከፍት ስል አንደኛው ሽማግሌ እጄን ቀጨም አደረጉት። ሰውዬው በጉልምስናቸው የጎጃም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። «ፊትህን ልትቀቅል ነው? በሠርግህ ቀን በፋሻ ልትቆም ነው?» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አጎበሩን አዩት። ጭዱ፣ አቧራው፣ ቢራቢሮው ተደራርቦበት እንደ ምንጣፍ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አጎበር ነው ጋሼ... ለነፍሳት መከላከያ ብዬ...»

«ሞተሩን ወባ ይዞታል እንዴ?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። የዘይቱን መለኪያ ብመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃው ከዘይት ጋር ተደባልቋል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ተሳፍረው ፍቼ ሲደርሱ 8 ሰዓት ሆነ። የልጅቷ አባት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሽማግሌ ማድረስ ያቃተው ልጄን የት ሊያደርሳት ነው? በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ጋራዥ ውስጥ የተማርኩት

ፔጆዋ ተጎትታ ጉለሌ ገባች። ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ ማሽን ቤት ተላከ። ለቬሎ የቋጠርኳት ብር በዚያው ሄደች። ግን በከንቱ አልሄደችም። መካኒኩ ያስረዱኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ራዲያተር የሚሠራው በሁለት ነገር ነው፤ ውስጡ በሚዞረው ውሃና በቀጫጭኖቹ ክንፎች መካከል በሚያልፈው አየር። ነፍሳትና ጭድ የአየሩን መንገድ ይዘጋሉ። የእኔ አጎበር ግን ነፍሳቱ በወር የማይዘጉትን በአንድ ቀን ዘጋው። ሜዳ ላይ ስትነዱ ንፋሱ ስለሚያግዝ ችግሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይለፋል፣ መኪናው ያዘግማል፣ ንፋሱም ይቀንሳል፤ ያኔ ጉዱ ይፈላል! በእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጉለሌ እዚያው ከፍታ አካባቢ ነው፤ እንጦጦማ ከዚያም ይበልጣል። ግፊት ይዞ መፍያውን ከፍ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ካላችሁ ዛሬውኑ ለውጡት።

ታዲያ መከላከያ አይደረግ ወይ? ይደረጋል እንጂ! ግን በወጉ፦

1. አጎበር፣ ማዳበሪያ፣ ካርቶን አይሆንም። ቀዳዳው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ይሁን። የመስኮት ወንፊት በጣም ደቃቅ ስለሆነ አየር ያፍናል።

2. ወንፊቱን ራዲያተሩ ላይ አትለጥፉ። ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ተነቅሎ የሚራገፍ ይሁን፤ የማይራገፍ ወንፊት ያው አጎበር ነው።

3. ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሞተሩ ሲበርድ አጽዱ። የደረቀውን ነፍሳት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አርሱት፤ ከዚያ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ እጠቡት። ከፊት ከገፋችሁት የባሰ ይወተፋል።

4. ላቫጆ ስትገቡ የግፊቱ ውሃ ራዲያተሩን በቅርብ እንዳይመታው ተቆጣጠሩ፤ ክንፎቹ እንደ ወረቀት ይታጠፋሉ። የሽቦ ብሩሽም አታስነኩት።

5. ወንፊቱን ካሰራችሁ በኋላ መጀመሪያ አጭር ዳገት ሞክሩ። መጠቆሚያው ከወትሮው ከፍ ካለ ወንፊቱ ጠቧል ማለት ነው። ቀዩ ላይ ከደረሰ ግን ቀጠሮም ይቅር፤ ቁሙ። ሳይበርድ ክዳን አትክፈቱ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ።

6. የፊቱን ስታዩ ሌላውን አትርሱ፤ ቺንጋውን፣ ማራገቢያውን። የ404 ማራገቢያ ሙቀት ሲጨምር በማግኔት የሚያዝ ነው፤ አንዲት ሽቦ ከተበጠሰች ዝም ብሎ ይቆማል።

አሮጌዎቹ ራዲያተሮች የመዳብና የነሐስ በመሆናቸው ቢያፈሱ ይበየዳሉ። ስለዚህ «አርጅቷል» ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ።

አባቴና እኔ

አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጋራዥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቴስታታው ሲገጠም እያየ ቀስ ብሎ «አጎበሩን ስታስር አይቼሃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ አባባ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያንተ ናት ብዬሃለሁዋ። ባልተጠየቅኩት ገብቼ ልጄን ላሳፍር ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ግን እኔም አጥፍቻለሁ።»

ምን ልበላችሁ... ከጓርኒሲዮኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሃምሳ ዓመት ያቺን መኪና የነዳ ሰው ቤቴ ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ሳልጠይቀው የሰፈር ጓደኛ ስሰማ! አዲሱን ወንፊት አብረን ቆረጥን። ልኩን የያዘው እሱ ነው።

በሁለት ሳምንቱ እሑድ መጠቆሚያው መሐል ላይ ተቀምጦ እንጦጦን ተሻገርን። ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ገቡ። እኔ እንደ ወጉ ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኩ። የቀድሞው ሾፌር ሲወጡ ፊታቸው በራ። ምንም ሳይናገሩ ቀጥ ብለው ወደ ኮፈኑ ሄደው በፍርግርጉ አጮልቀው አዩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፤ ሰጥተውሃል» አሉኝ። «ወንፊቱን ግን አራግፈው፤ ጭድ ይዟል።»

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ የምጨምረው አለኝ፦ ቅጠሉም ቢሆን ራዲያተር ላይ ከተለጠፈ ያቃጥላል። እና እናንተም ምንም ነገር ከማሰራችሁ በፊት በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሶ የሚያያችሁ ሰው ካለ... ጠይቁት።