ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደረት አጥንት እንዴት ይገጥማል? የኤሌክትሪክ ሕክምናስ ምን ያግዛል?

ሐይቅ፡ በአዲስ አበባ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ሐይቅ የሚመለስ ታካሚ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ደሴ ከደረሰ በኋላ ሐይቅ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ቤቱ በአምባሰል ገጠር ቀበሌዎች ከሆነ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወርዶ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ደጁ ሲደርስም ሥራው አለ፤ ማሳው ይታረሳል፣ ውኃው ይቀዳል፣ እህሉ ይታጨዳል። በዚህ ጊዜ ታካሚውም ቤተሰቡም የሚያስቡት ስለ ልቡ ነው። ልቡን ለማከም የተከፈተው የደረት አጥንት ግን ገና አልገጠመም።

ይህ አጥንት በተለምዶ ፍርምባ የሚባለው ነው። ከአንገት ሥር ተነሥቶ በደረት መሐል እስከ ሆድ አፋፍ የሚወርድ ጠፍጣፋ አጥንት ሲሆን አብዛኞቹ የጎድን አጥንቶች ከፊት በኩል ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። በአብዛኛው የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፍርምባውን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት ይከፍላል። ሕክምናው ሲጠናቀቅ ሁለቱን ክፋዮች አቀራርቦ በማይዝግ የብረት ሽቦ ያስራቸዋል። ሽቦው ችግር ካላመጣ በስተቀር ዕድሜ ልክ በዚያው ይኖራል።

በኢትዮጵያ ይህን ሕክምና ማግኘት ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አገር መሄድን ይጠይቅ ነበር። በሕፃናት የልብ ሐኪሙ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ለዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ማዕከሉን ከከፈተ በኋላ ሕክምናው በአገር ውስጥም መሰጠት ጀመረ። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱ ሕፃናት ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ባስከተለው የሩማቲክ በሽታ የልባቸው በር የተጎዳ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ታክመው ሲመለሱ የማገገሚያውን ጊዜ የሚያሳልፉት በየቤታቸው ነው።

አጥንት ከተቆረጠ በኋላ በራሱ የመግጠም ችሎታ አለው። በመጀመሪያ በተቆረጠው ቦታ ደም ይረጋል። ቀጥሎ ለስላሳ ድልድይ የሚመስል ሥጋ ሁለቱን ጠርዞች ያገናኛል። ይህ ለስላሳ ክፍል ካልሲየም እየያዘ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። አዲስ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ሳይደርቅ ቢገፋ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ ለስላሳው ድልድይም ሳይጠነክር ቢናጋ ይበጠሳል። እግር ወይም ክንድ ሲሰበር በጀሶ ታስሮ ማረፍ ይችላል። ፍርምባ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽና ሳል ስለሚንቀሳቀስ እንደዚያ ማሰር አይቻልም። በአዋቂዎች ላይ ደህና ጥንካሬ ለማግኘት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በሚገባ ለመጽናት ደግሞ 3 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የሕፃናት አጥንት ከአዋቂዎች ፈጥኖ ይገጥማል።

አብዛኞቹ ታካሚዎች ያለ ችግር ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ግን አጥንቱ ይላቀቃል፤ አለዚያም ቁስሉ ያመረቅዛል። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ ማጤስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የቆየ የሳንባ ሕመምና የአጥንት መሳሳት ይህን አደጋ ይጨምራሉ። የኤሌክትሪክ ሕክምና ሐሳብም የሚነሣው አጥንት ሳይገጥም ሲቀር ወይም ሲዘገይ ምን ማድረግ ይቻላል ከሚል ጥያቄ ነው።

አጥንትና ኤሌክትሪክ ግንኙነት እንዳላቸው ጃፓናውያኑ ኢዋኦ ያሱዳ እና ኢዪቺ ፉካዳ እ.ኤ.አ. በ1957 አሳይተዋል። አጥንት ጫና ሲያርፍበት እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሰውነትም ጫና የበዛበትን ቦታ ለይቶ አጥንት እንዲያጠናክር ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ይኸው እንደሆነ ይታሰባል። ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎች ከውጭ የሚሰጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ አጥንት የሚሠሩትን ሕዋሳት ያነቃቃ እንደሆነ መመርመር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ተግባር የሚውል መሣሪያ አጸደቀ።

ሕክምናው የሚሰጥባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው፣ ቀጭን ሽቦ በቀዶ ሕክምና አጥንቱ ዘንድ ተቀምጦ የማያቋርጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በሁለተኛው፣ ኤሌክትሪኩ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ንጣፎች መካከል ያልፋል። በሦስተኛው፣ ከቆዳ በላይ የሚደረግ ጥቅል ሽቦ የማግኔት ኃይል እየላከ በአጥንቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በመጀመሪያው መንገድ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 20 ማይክሮአምፔር ያህል ነው። አንድ ማይክሮአምፔር የአምፔር አንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ መጠኑ በቤት አምፖል ውስጥ ከሚያልፈው በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ከውጭ የሚሰጡት ሁለቱ መንገዶች ደግሞ በየቀኑ ለሰዓታት፣ ለወራት መደገምን ይጠይቃሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች በዋናነት የሚያገለግሉት ሳይገጥሙ ለቆዩ የእግርና የክንድ ስብራቶች እንዲሁም ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነው። በፍርምባ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ በመሆናቸው ሕክምናው ለልብ ታካሚ ሁሉ የሚታዘዝ መደበኛ ሕክምና አልሆነም። ከዚህ ተለይቶ መታየት ያለበት ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ነው። በቁስሉ ግራና ቀኝ በሚለጠፉ ንጣፎች የሚሰጠው ይህ ሕክምና የሕመም ስሜትን እንደሚቀንስ በልብ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሕመሙ የቀነሰለት ታካሚ በጥልቀት መተንፈስና አክታውን ማውጣት ስለሚችል ሳንባው ከምች ይጠበቃል። ሕመም ቀነሰ ማለት ግን አጥንት ገጠመ ማለት አይደለም። ሕመሙ የጠፋለት ሰው ድኛለሁ ብሎ ሞፈር ቢጨብጥ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ከገበያ ገዝቶ ደረት ላይ መለጠፍ አይገባም። በተለይ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው፣ ከውጭ የሚመጣው ኤሌክትሪክ የመሣሪያውን ሥራ ሊያዛባ ስለሚችል ከባድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሕክምናው ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ሆኖ ነው።

ፍርምባው እስኪገጥም ድረስ ዋናው ሕክምና በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ነገር አለማንሣት በስፋት የሚሰጥ ምክር ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ልብ ይሏል። ማረስ፣ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ፣ ነዶ መሸከም፣ በሙቀጫ መውቀጥና ልጅ ማዘል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መቆየት አለባቸው። ከመኝታ ሲነሡ በጎን ዞሮ እግርን ማውረድ እንጂ በእጅ ተደግፎ መነሣት አይመከርም። በሶላትም ሆነ በስግደት ጊዜ መዳፍን መሬት ላይ አሳርፎ መነሣት ፍርምባውን ስለሚጫነው እስከዚያው ተቀምጦ መጸለይ ይሻላል። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ደረት ላይ አቅፎ መያዝ ሕመሙን ይቀንሳል። የታከመ ሕፃን በብብቱ ተይዞ አይነሣም፤ አንድ እጅ ከጀርባው፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ሆኖ ይታቀፋል። በሌላ በኩል ከቀን ወደ ቀን እየጨመሩ በእግር መጓዝ የማገገሙ አካል ነው፤ ተኝቶ መዋል አይደገፍም።

ወጌሻ ለወለምታ የሚፈለግ ባለሙያ ቢሆንም የተከፈተን ፍርምባ ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ሲተነፍሱ ወይም ሲዞሩ ደረት ውስጥ የቀጭታ ድምፅ ከተሰማ፣ አጥንቱ ሲንቀሳቀስ ከታወቀ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ አለዚያም ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከበረታ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ታካሚውን ተመልክቶ በደሴ ወደሚገኙ ሆስፒታሎች ሊልከው ይችላል።

ለአርሶ አደር በእርሻ ወቅት 3 ወር ከማሳ መራቅ ቀላል አይደለም። ብዙዎች አጥንታቸው ሳይጠና ወደ ሥራ የሚመለሱትም ማሳው ጦም እንዳያድር ሰግተው ነው። ወሎ ግን ለዚህ የቆየ መላ አለው። ቅሬው ለቀብር እንደሚሰበሰብ ሁሉ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ የታማሚውን ማሳ ቢያርስለትና አዝመራውን ቢሰበስብለት፣ ታካሚው ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ዕረፍት ያለ ስጋት ያገኛል።